የቆየ ቤት የእንግዳ መኝታ ክፍል እድሳት፦ ከእርጥበቱ እስከ አልጋው

የእንግዳ ክፍል ከሌሎቹ ክፍሎች ቀድሞ የሚበላሸው ስለሚረሳ ነው። በሩ ለወራት ተዘግቶ ይከርማል፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ቦታ ያጣ ዕቃ ሁሉ ይታጎርበታል። ግድግዳው ውሃ መምጠጥ ሲጀምር የሚያየው ሰው የለም። እንግዳ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ቀለም ይገዛል፤ የተቀባውም ቀለም አንድ የዝናብ ወቅት ሳይሻገር ይነፋል፣ ይላጣል፣ ያ የታወቀ የታፈነ ሽታም ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቀለም የሚመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። አብዛኛው ጊዜና ጉልበት የሚሄደው ውሃው ከየት እንደሚገባ በማወቅ፣ ልስኑን በማከም፣ ሽቦውን፣ መስኮቱንና ወለሉን በማስተካከል ላይ ነው።

ለስሌት የምንጠቀመው ክፍል 3 ሜትር በ3.6 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.7 ሜትር፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለው ነው። ቁጥሮቹን በራስዎ ክፍል ልክ ይተኩ።

ባዶ አድርጎ መመርመር

ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይራቆት። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ከነዘንጉ ይውጣ። ዕቃውን መሃል ላይ ሰብስቦ ላስቲክ አልብሶ መሥራት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ትልቁ ችግር ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው።

የእጅ ባትሪ፣ ካቻቪቴና እርሳስ ይያዙ። ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ወደ ጎን ሲያበሩ፣ በቀን ብርሃን የማይታየው ጉብታ፣ ጉድጓድና የተነፋ ቀለም ሁሉ ጥላ ይጥላል። እያንዳንዱን በእርሳስ ያክብቡት። ከዚያ ግድግዳውን በጣትዎ አንጓ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ያንኳኩ። ከግንቡ ጋር የተያያዘ ልስን ድምፁ ድፍን ነው፤ የለቀቀው እንደ ከበሮ ይጮኻል። የሚጮኸውንም ዙሪያውን ያስምሩበት።

ካቻቪቴውን በመስኮቱ ደፍ፣ በበሩ መቃን ግርጌና በወለሉ ጣውላ ጫፎች ላይ ጫን ያድርጉት። ጤነኛ እንጨት ይመክታል፤ የበሰበሰ እንጨት ግን ያለ ምንም ጉልበት ያስገባል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ካገኙ እንጨት በል ነቀዝ አለ ወይም ነበረ ማለት ነው። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመልከቱ፤ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ከወለል ተነሥቶ በግድግዳው ላይ የሚወጣ የአፈር ቱቦ ካዩ ደግሞ ምስጥ ነው። ምስጡ በባለሙያ ሳይጠፋ አዲስ እንጨት ማስገባት ቀለብ መስፈር ነው።

ምንም ነገር ከመፋቅዎ በፊት ስለ ሁለት አደጋዎች ይወቁ። የመጀመሪያው ሊድ፣ ማለትም በድሮ ቀለም ውስጥ የሚገኝ መርዛማ ብረት፣ ነው። አሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ ሊድ እንዳይገባ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ብዙ አገሮች ከዚያም ዘግይተዋል። የታችኛው የቀለም ድርብ ዕድሜ የማይታወቅ ከሆነ ሊድ እንዳለበት ቆጥረው ይሥሩ። መፋቅ ያለበት በውሃ እየረጠበ ይፋቅ እንጂ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን አይፈተግ፣ በእሳትም አይቃጠል። ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ ፍርፋሪው ከነላስቲኩ ተጠቅልሎ ይታሸግ፤ የቀረው አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይረዳም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ ያስፈልጋል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሥራው አልቆ ክፍሉ እስኪጸዳ ድረስ አይግቡ። ሁለተኛው አስቤስቶስ፣ ማለትም አቧራው ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ክር፣ ነው፤ በአሮጌ የኮርኒስ ሉሆች፣ በጣሪያ ክዳንና በወለል ታይል ውስጥ ይገኛል። ካልተሰበረና ካልተበሳ አቧራ አይለቅም። ስለዚህ የሚጠራጠሩትን ነገር ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይታይ አይቁረጡ፣ አይፈትጉ፣ አይንቀሉ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ይህ የሥራ ደረጃ በትክክል ካልተሠራ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ተደግሞ ይሠራል።

ግድግዳ ላይ የሚታይ እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከአራት ምንጮች ከአንዱ ይመጣል፤ ቦታውና ቅርጹ ምንጩን ይናገራል። ከወለል ተነሥቶ እስከ 1 ሜትር ገደማ የሚወጣ፣ የላይኛው ጠርዙ ሞገድ የሠራ፣ ሲደርቅ ነጭ ጨው የሚተፋ ከሆነ ከመሬት የተመጠጠ ውሃ ነው። ከኮርኒስ ወይም ከግድግዳው አናት ወደ ታች የሚወርድ፣ ቡናማ ዳር ያለውና ከዝናብ በኋላ የሚሰፋ ከሆነ ከጣሪያ ወይም ከአሸንዳ ነው። ዝናብ ኖረ አልኖረ የማይለወጥ፣ ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ወይም ኩሽና ያለበት ከሆነ ቧንቧ ይጠርጠር። ለማረጋገጥ ቤት ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመልከቱ፤ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ አለ። በመስኮት ዙሪያ፣ በውጭ ግድግዳ ማዕዘኖችና ከዕቃ ጀርባ በጥቁር ነጠብጣብ የሚታየው ሻጋታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ወደ ውሃነት ሲቀየር የሚፈጠር ነው።

የመጨረሻውን ከሌሎቹ ለመለየት ርካሽ ፍተሻ አለ። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ በእርጥቡ ቦታ ላይ አድርገው አራቱንም ጎን በፕላስተር አየር እንዳያስገባ አድርገው ይለጥፉ። ለ48 ሰዓት ይተዉት። ውሃው በላስቲኩ የውጭ ፊት ላይ፣ ማለትም ወደ ክፍሉ በሚያየው በኩል ካቆረ የአየር እርጥበት ነው። በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ካቆረ ግን የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ሁለቱም የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ሁለቱንም ማከም ነው።

ከመሬት ለሚመጣው ውሃ መድኃኒቱ ያለው ውጭ ነው። በአሮጌ ቤት ዙሪያ አፈር፣ ንጣፍና የአበባ መደብ በዓመታት እየተደራረበ ከወለሉ ከፍታ ጋር ይስተካከላል፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል። የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ መውረድ አለበት። ግድግዳውን ተደግፎ የተቆለለ አፈር፣ እንጨትና ድንጋይ ይነሣ። አሸንዳው ይጠረግ፤ ባልዲ ውሃ ከላይኛው ጫፍ አፍስሰው የት እንደሚቆምና የት እንደሚያንጠባጥብ ይመልከቱ። በየ3 ሜትሩ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መውረድ ይበቃዋል። ወራጁ ቱቦ ውሃውን ከግድግዳው ሥር የሚደፋ ከሆነ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ይቀጠል። ብዙ “የማይድን” የሚባል ግድግዳ የሚድነው በዚህ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ግድግዳ የገባበትን እርጥበት በልስኑ በኩል እየተነፈሰ ያወጣል። ልስኑ ሲፈርስ በሲሚንቶ ይለሰንና ላዩ ውሃ በማያሳልፍ ቀለም ይሸፈናል። ለጥቂት ጊዜ ደረቅ ይመስላል። ውሃው ግን አልጠፋም፤ መውጫ ስላጣ ግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይሄድና ሲሚንቶው ካለቀበት በላይ ብቅ ይላል፤ ውስጥ ያለውንም እንጨት ያበሰብሳል። የኖራ ግድግዳ በኖራ ነው የሚታከመው፦ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ፣ እያንዳንዱ ድርብ ከ10 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ የታችኛው ጠንከር ሳይል የላይኛው ሳይደረብ።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ግድግዳው ራሱ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። የቆየው የግንበኞች ልማድ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ይላል። ይህ ለ40 ሳንቲ ሜትር ግንብ ከአንድ ዓመት በላይ ማለት ነው፤ እስከዚያ ክፍሉ አይሠራ ማለት ግን አይደለም። የሚተነፍስ ልስንና የኖራ ቀለም ከተጠቀሙ ግድግዳው እየደረቀ ሥራው ይቀጥላል። ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ለመቀባት ግን ሙሉ በሙሉ መድረቁን መጠበቅ ግድ ነው።

ሻጋታው የያዘው ስፋት ከ1 ካሬ ሜትር በታች ከሆነ በራስዎ ሊያጸዱት ይችላሉ። መስኮት ከፍተው፣ ጓንትና ማስክ አድርገው በሳሙና ውሃ ይፈትጉት፣ ያድርቁት። በረኪና ከተጠቀሙ ከአሞኒያም ሆነ ከአሲድ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሻጋታ ላይ መቀባት ዋጋ የለውም፤ ከቀለሙ ሥር ያድጋል።

ሽቦ፣ ሶኬት፣ መብራት

ይህ ሥራ ከልስን ጥገና በፊት ያልቃል፤ ግድግዳ መፈልፈል ስላለበት። ራስዎ የሚሠሩት ምርመራውን ነው፤ አዲስ መስመር መዘርጋት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

ብሬከሩን ያጥፉና ሶኬቱ መሞቱን በቴስተር ያረጋግጡ። ቴስተሩን አስቀድመው የሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞክሩት፤ የተበላሸ ቴስተር የሞተና ያልሞተ መስመር አይለይም። ከዚያ የሶኬቱን ሽፋን ፈትተው ይመልከቱ። ሽፋኑ ጨርቅ ወይም ሲነካ የሚፈረፈር ጎማ የሆነ ሽቦ፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ፣ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ፣ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) የሌለው ሁለት ሽቦ ብቻ ካዩ መስመሩ መቀየር አለበት። ኧርዝ ሳይኖር ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬትን በባለ ሦስት መቀየር የሌለን ጥበቃ አለ ያስብላል።

ባለሙያው ሲመጣ ምን እንደሚፈልጉ ይወቁ። በ220 ቮልት መስመር ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ የተለመደ ነው። ኤሌክትሪክ በሰው በኩል ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጠው 30 ሚሊ አምፔር መከላከያም ይጨመር። በአልጋው ግራና ቀኝ አንዳንድ ጥንድ ሶኬት፣ ከወለል ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቢኖር ጥሩ ነው። ዋናውን መብራት ከበሩም ከአልጋውም ማጥፋት የሚያስችል ድርብ ማብሪያ ማጥፊያም አሁን ይሠራ፤ በኋላ ከሆነ ግድግዳ እንደገና ያስከፍታል። ለክፍሉ አዲስ የሆነ ሰው በጨለማ ግድግዳ ሲዳብስ ማደር የለበትም።

የጭስ ማስጠንቀቂያ ኮርኒሱ ላይ ይገጠም። በቤቱ ውስጥ በጋዝ፣ በከሰል ወይም በእንጨት የሚሠራ ማሞቂያ ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይጨመር፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

ልስንና ስንጥቅ

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነውና አቅጣጫ የሌለው የልስኑ መድረቅ ያመጣው ነው፤ ቀለም ይሸፍነዋል። እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው በአብዛኛው የመልክ ጉዳይ ነው፣ ይሞላል። ከዚያ በላይ የሰፋ፣ ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም አንደኛው ጎኑ ከሌላው ወጣ ያለ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ይችላል። ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ፤ ስፋቱንም ይለኩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ምልክቱን ካለፈ መሐንዲስ ይየው። የሚንቀሳቀስን ስንጥቅ በስቱኮ መድፈን ልፋት ብቻ ነው።

ለማይንቀሳቀሰው አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ስንጥቁን በስፓቱላ ጫፍ ወይም በአሮጌ ካቻቪቴ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ይክፈቱት፤ ከላይ ጠበብ ከውስጥ ሰፋ ብሎ ቢከፈት ሙሌቱን ቆልፎ ይይዛል።
2. አቧራውን በብሩሽ ያውጡ፣ ውሃ ይርጩበት። ይህን የዘለለ ሰው ሙሌቱ በሳምንቱ ተሰንጥቆ ያገኘዋል፤ ደረቁ ግድግዳ የስቱኮውን ውሃ ስለሚመጥ ስቱኮው ሳይጠና ይደርቃል።
3. ጥልቁን በአንድ ጊዜ አይሙሉ። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሆኑ ድርቦች፣ እያንዳንዱ እየደረቀ ይሙሉት።
4. ከመጨረሻው ድርብ በፊት 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመረብ ፕላስተር ይለጥፉ፤ በላዩ ላይ ስቱኮውን ግራና ቀኝ 15 ሳንቲ ሜትር እያሳሱ ያስፋፉት።
5. በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉና ባትሪውን እንደገና በጎን ያብሩበት። ጉብታው የሚታይ ከሆነ ከቀለም በኋላ ይበልጥ ይታያል።

ሲንኳኳ የሚጮኸውን ልስን በተመለከተ፣ ስፋቱ ከመዳፍ ያነሰና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ይተውት። ሲጫኑት የሚወዛወዘው እስከ ጤነኛው ዳር ድረስ ይፍረስ። ዳሩን በመሮ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ግንቡን ማርጠብ፣ ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ድርብ መለሰን ነው። ጅብሰም ለደረቅ የውስጥ ግድግዳ ይሆናል፤ ትንሽም እርጥበት ባለበት ግን ይለሰልሳል፣ ሻጋታም ያበቅላል።

ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ የውሃ ምልክት በፕላስቲክ ቀለም አይጠፋም፤ የቀለሙ ውሃ እድፉን አሟሙቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። አንድ እጅ ምልክት የሚገታ የዘይት ወይም የሼላክ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ብቻ ቀብተው፣ ሲደርቅ ቀለሙን ያስከትሉ።

መስኮትና በር

በቀለም ተጣብቆ የቀረ መስኮት በኃይል ሲገፋ መስታወቱ ይሰነጠቃል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ በስለታም ቢላዋ ቀለሙን ይቁረጡ፤ ከዚያ ሰፊ ስፓቱላ አስገብተው በቀላል መዶሻ እየመቱ ዙሪያውን ያላቁት። የበሰበሰው ጥግ ብቻ ከሆነ መስኮቱን ሁሉ መጣል አያስፈልግም፤ የድሮ መስኮቶች ብዙ ጊዜ ከአዲሶቹ በተሻለ እንጨት የተሠሩ ናቸው። የተበላሸውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ ተመሳሳይ እንጨት በኮላ መቀጠል ይቻላል።

የመስታወቱ ስቱኮ ደርቆ ከተፈረፈረ ይፋቅና ጎድጎዱ በዘይት ፕራይመር ይቀባ። ያልተቀባ ደረቅ እንጨት የስቱኮውን የተልባ ዘይት መጦ ያደርቀዋል። አዲሱ ስቱኮ ላዩ ቆዳ እስኪያበጅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ ቀለሙ መስታወቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ተደርጎ ይቀባ። ዝናብ እንዳይገባ የሚያትመው ያቺ 2 ሚሊ ሜትር ናት።

መስኮቱ በእሳት ጊዜ መውጫም ነው። የሚከፈተው ቀዳዳ ቢያንስ 0.33 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱም ወርዱም ከ45 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ እንዲሆን የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ ይጠይቃል፤ ለማንኛውም ቤት ጥሩ መለኪያ ነው። የብረት ፍርግርግ ካለ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን።

የሚጎትት በር ሲያገኙ መላጊያ ከማንሣትዎ በፊት የላይኛውን ማጠፊያ ይመልከቱ። ብሎኑ ከላላ በሩ ያዘነብላል፣ ታችም ይጎትታል። ከላላው ቀዳዳ ውስጥ ኮላ የተቀባ ቀጭን የእንጨት ስንጥር ጠቅጥቀው፣ ሲደርቅ ብሎኑን ይመልሱ፤ ወይም አንዱን በ7.5 ሳንቲ ሜትር ብሎን ተክተው መቃኑን አልፎ ግድግዳውን እንዲይዝ ያድርጉ። እውነት ካበጠ ብቻ ይላጉት፤ የተላገውንም ጠርዝ በዚያው ቀን ይቀቡት፣ አለዚያ እርጥበት ገብቶበት እንደገና ያብጣል። ከውስጥ የሚሠራ መቀርቀሪያ አይርሱ። ሰው ቤት ያደረ ሁሉ በሩን መዝጋት ይፈልጋል።

ወለል

የጣውላ ወለል የሚንጫጫው ጣውላው ከሥሩ ከሚሸከመው እንጨት፣ ከሞራሌው፣ ለቆ በሚስማሩ ላይ ስለሚንሸራተት ነው። አንድ ሰው ይረግጣል፣ ሌላው በእርሳስ ያከብባል። ሞራሌዎቹ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ የድሮዎቹ ሚስማሮች መስመር ቦታቸውን ያሳያል። ከጣውላው ውፍረት 2.5 እጥፍ የሚረዝም ብሎን መርጠው፣ በትራፓኖ ቀድመው በስተው ያስገቡ፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ጣውላ 50 ሚሊ ሜትር ብሎን ማለት ነው። ሳይበሱ ማስገባት የደረቀ ጣውላን ይሰነጥቃል። ከሥር ሽቦ ወይም ቧንቧ እንዳለ ካልታወቀ ብሎኑ ከዚህ አይርዘም። ሁለት ጣውላ እርስ በርሱ ብቻ የሚፋተግ ከሆነ ግን ታልከም ፓውደር በስንጥቁ መነስነስ ይበቃል።

ጣውላው ሲረገጥ የሚረግብ ከሆነ ችግሩ ከሥሩ ነው። አንድ ጣውላ አንሥተው ሞራሌውን በካቻቪቴ ይሞክሩ፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችም በአፈር እንዳልተደፈኑ ከውጭ ይመልከቱ። የተደፈነ ቀዳዳ ወለልን ከሥር ያበሰብሳል፤ የሚታወቀውም የአልጋው እግር ሲሰምጥ ነው። ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄደው ጠርዝ) ካለ ከቀለም በፊት ይነሣ፤ በኋላ ሲመለስ ከግድግዳው ጋር ያለውን ክፍተት በሚቀባ መሙያ መድፈን ነፍሳት እንዳይገቡ ያደርጋል።

ቀለም

አሁን ደርሷል። የግድግዳው ዙሪያ 13.2 ሜትር በ2.7 ሲባዛ 35.6 ካሬ ሜትር ነው፤ ለበርና ለመስኮት 3 ካሬ ሜትር ገደማ ሲቀነስ 32.6 ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 65 ካሬ ሜትር። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብለን ብንይዝ 6.5 ሊትር ለግድግዳ፣ ለኮርኒሱ ደግሞ 2.2 ሊትር ያስፈልጋል። ሸካራ ልስን ከዚህ የበለጠ ስለሚጠጣ ሩብ ያህል ይጨምሩ። ሁሉንም ቆርቆሮ በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅለው ይጠቀሙ፤ ከተለያየ ምርት የመጣ ቀለም አንድ ስም ይዞም መልኩ ይለያያል።

አዲስ የተለሰነው ቦታ ዳለቻ ጨለማ መልኩ ጠፍቶ ወጥ እስኪነጣ ይጠብቁ፤ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርቃል ተብሎ ይታሰባል። ሲሚንቶ ያለበት ልስን ለዘይት ቀለም 4 ሳምንት ይፈልጋል። የመጀመሪያው እጅ ከ20 እስከ 30 በመቶ ውሃ የተጨመረበት ፕላስቲክ ቀለም ይሁን። ወፍራሙን ቀለም በቀጥታ የጠጣ ልስን ቀለሙን ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ይይዘዋል፤ በኋላ ፕላስተር ሲነቀል አብሮ ይላጣል።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው፦ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ ከዚያ በርና መስኮት። ጠርዙን በ5 ሳንቲ ሜትር ብሩሽ አስምረው ጠርዙ ሳይደርቅ በሮለር ይድረሱበት፤ ከደረቀ ሁለት መልክ ያወጣል። አሮጌ የዘይት ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ቆይቶ እንደ ላስቲክ ይገፈፋል። የቀድሞው ዘይት መሆኑን ለማወቅ ጥጥ በአልኮል ነክረው ያሹት፤ ቀለም ከወጣ ፕላስቲክ ነው፣ ካልወጣ ዘይት ነው። ዘይት ከሆነ በውሃ እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩትና የሚያያይዝ ፕራይመር ያስቀድሙ። ወጣ ገባ ለበዛበት አሮጌ ግድግዳ የማያንጸባርቅ ቀለም ይሻላል፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም ያንዱንም ጉድለት አይደብቅም።

አልጋና የቀረው

ከቀለም በኋላ ክፍሉ መስኮቱ ተከፍቶ ቢያንስ ጥቂት ቀናት ይናፈስ። አልጋው ለሁለት ሰው ከሆነ በሁለቱም በኩል 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ክፍል ውስጥ 140 በ190 የሆነ አልጋ ራስጌው የ3 ሜትሩን ግድግዳ ተደግፎ ቢቀመጥ ግራና ቀኝ 80 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ከግርጌውም 1.7 ሜትር። 160 ቢሆን 70 ይተርፋል፣ አሁንም ይሆናል፤ ግን ቁም ሳጥኑ ቦታ ያጣል፤ ለእንግዳ ደግሞ ከሰፊ አልጋ ይልቅ ልብስ መስቀያ ይበልጣል። ሙሉ ቁም ሳጥን አያስፈልግም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ከስድስት መስቀያ ጋርና ሻንጣ የሚቀመጥበት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ወንበር ይበቃል።

ዕቃ ሁሉ ከውጭ ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር ካላለፈ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል። ፍራሹ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ እንጂ በድፍን ጣውላ ላይ አይሁን፤ ሰው ሲተኛ የሚወጣው ላብ ሥሩ ላይ ይጠራቀማል። ያገለገለ አልጋ ወይም ፍራሽ ካስገቡ ስፌቱንና የእንጨቱን መገጣጠሚያ በባትሪ ይመልከቱ፤ ጥቁር ነጥቦችና የተገፈፈ ቅርፊት የትኋን ምልክት ናቸው።

የራስጌ መብራት 2700 ኬልቪን የሆነ ሞቅ ያለ ብርሃን፣ 400 ሉመን ገደማ ይሁን። መጋረጃው ሲዘጋ እጥፋት እንዲኖረው ስፋቱ የመስኮቱን ወርድ ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ይሁን፤ ዘንጉም ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 15 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፣ አለዚያ ንጋት ላይ ብርሃን በጎን ይገባል። ባዶ ልስን ላይ ዘንግ ሲሰቀል ብሎኑ ብቻውን አይዝም፤ ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ ሶኬት) ልስኑን አልፎ ግንቡ ውስጥ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ይግባ።

ሁሉም ሲያልቅ እርስዎ ራስዎ አንድ ሌሊት ይደሩበት። ከአልጋ ሳይነሡ መብራት ማጥፋት፣ ስልክ መሰካት፣ ብርጭቆ ማስቀመጥ ይቻላል? በሌሊት የሚንጫጭ፣ የሚያንኳኳ፣ የሚያፈስ ነገር አለ? የጎደለው ዝርዝር ጠዋት እጅዎ ላይ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ ባዶውን ሲቀመጥ በሩ ገርበብ ይበል። በሳምንት አንዴ መስኮቱን ለሩብ ሰዓት ይክፈቱ፤ ፍራሹን በወር አንዴ ያቁሙት። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡ መልካም ነው፤ ንባቡ ከ60 በመቶ በላይ ከሰነበተ ወደ አሸንዳውና ወደ ውጩ መሬት ተመልሰው ይመልከቱ።